የኔታ ያረሙት ሥዕል

ካሜራዬን ያስቀመጥኩት ዕዳ ስለበዛብኝ ነው። የገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት መርካቶና ፒያሳ እየዞርኩ የመንገድ ሰው ሳነሣ፣ ያነሣሁት ሁሉ «ፎቶውን መቼ ታመጣልኛለህ?» ይለኛል። «ነገ» እላለሁ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከሩቅ ስታየኝ ጩኸቷን ስለምታቀልጠው፣ በመጨረሻ በምን አለሽ ተራ ማለፍ ተውኩ።

ፎቶ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረ ነው። የእኔ ነገር ግልባጩ ነው፤ ቀለሙ ተስማምቶኛል፣ ያልተስማማኝ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ቤተ ልሔም ነው፤ የጋይንቷ፣ የድጓ ምስክር ቤት ያለባት። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል እንግሊዛዊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ደርሶ፣ የሣር ክዳን ባለው ክብ ቤት ውስጥ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን «አገኘ» መባሉን አንብቤ፣ እኔም አንድ ነገር አላጣም ብዬ ነበር። (ለአገሩ ሰውማ መቼ ጠፍቶት ያውቃል!) ከደብረ ታቦር የወልድያን መንገድ ይዤ ንፋስ መውጫ በስስ ጃኬት ወረድኩ። ከተማዋ ስሟን ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

በማግስቱ ቤተ ልሔም ደርሼ፣ አንድ ለምድ የለበሰ የድጓ ተማሪ ቁራሽ ሊለምን ሲወጣ ተከተልኩት። ብርሃኑ ማለፊያ ነው፤ ልጁ ካሜራውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ለእኔ ይህ ሠርግ ነው። ለካ የሰፈሩ ውሻ የሚያውቀው አኩፋዳ የያዘን ሰው ኖሯል። በርከክ ብዬ ሳነጣጥር ከጓሮ ዘሎ መጣብኝ። ልጁ በዱላው አስጣለኝ፤ ሱሪዬ ተረፈ፣ ካሜራዬ ግን ማጥ ውስጥ ገባ። ከነሌንሱ ጭቃ ጠጥቶ ሳወጣው ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ጋሼ፣ የኔ ፎቶ ወጣ?» አለኝ።

ዕዳው ጋይንት ድረስ ተከትሎኛል።

ካሜራ የሌለው ፎቶ አንሺ ምን ይሠራል? ማታ የኔታን አስፈቅጄ ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀመጥኩ። ልጁ የራሱን ብራና ዘርግቷል። ዜማውን መከተል ስላቃተኝ ዓይኔ ከፊደሉ በላይ ወጣ፤ እዚያ ነጥብ፣ ቅስት፣ ጭረት ሰፍሯል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይሏቸዋል። ድጓው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ምልክቱ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠራ ነው ይባላል። ፊት የለው፣ ዛፍ የለው፣ ጎጆ የለው፤ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ ብቻ። ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ግን አንዱም ምልክት «ፎቶዬን» አለማለቱ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ አለኝ። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሉን ከፈረንጅ የተቀዳ ነው ያሉት ነበሩ። አባቱ አለቃ ደስታ ግን የቤተ ክህነት ሰው፣ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ምን ሲያይ እንዳደገ ለመገመት ኮሎኝ መድረስ አያሻም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመውን ሙዚየም በተሳለምኩ ቁጥር ይብስብኛል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሸራ ወጠርኩ። ሁለት ዓመት ጥቁርና ቀይ ብቻ። ጎረቤቴ፣ «ዝንብ ነው?» አለኝ። ከሁሉ የተሻለውን ጠቅልዬ ደግሞ ቤተ ልሔም ወረድኩ። የኔታ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ልቤ ቆመ።

«ልጄ፣ ይህ ይዘት ያለ ቦታው ነው የገባው።»

«የኔታ፣ ረቂቅ ሥዕል ነው እንጂ ዜማ አይደለም።»

«ዜማ ካልሆነ ምልክቱን ምን አመጣው?»

መልስ አልነበረኝም። ነጥቡን እዚያው ፊታቸው በቢላ ፋቅኩት፤ የብራና ስሕተትም እንዲሁ ነው የሚፋቀው። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ተሻለው።

ልጁን ጠየቅኩ። ድጓውን አስመስክሮ ለአቋቋም ጎንደር፣ በአታ ወርዷል አሉኝ። እዚያ ያላችሁ፣ ከጋይንት የመጣ፣ ውሻ በዱላ ያስጣለ ልጅ ካገኛችሁ ንገሩልኝ፤ ፎቶው አልወጣም።