አዋጅ ቁጥር «፲፪»፦ ጽሑፍን ወደ ቁጥርነት ለማዛወር የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የፓይተን ጠላት ጆሮው ይደፈን!

በጥቅስ ምልክት ውስጥ ተሸሽገው «ቁጥር ነን» የሚሉ ጽሑፎች በመብዛታቸው፤ «20» እና «5» ሲደመሩ 25 በመሆን ፈንታ ጎን ለጎን ተለጥፈው «205» በመሆን አንዱን ጎረምሳ በዕድሜ የአብርሃም አባት የታራ እኩያ ስላደረጉት፤ ሥርዓት ማስያዝ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ ፩። በኢንፑት በር የገባ ሁሉ፣ ከአናት እስከ እግሩ አሃዝ ቢሆንም፣ ጽሑፍ ነው። ቁጥር መሆን የሚሻ ኢንት መስኮት ይሰለፍ።

አንቀጽ ፪። ዳርና ዳሩ ላይ ክፍት ቦታ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ተራግፎለት ይስተናገዳል። «1,000» ይመለሳል፤ «1_000» ይገባል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። «12.5» ወደ ፍሎት ይሂድ። ከ4300 አሃዝ በላይ የተሸከመ በጸጥታ ስጋትነት ይያዛል።

አንቀጽ ፫። በዓረብኛ አሃዝ የተጻፈ ሠላሳ አራት ያለ ቪዛ ይገባል፤ የሂንዲውና የታይላንዱም እንዲሁ። የግዕዙ «፴፬» ግን ቫልዩኤረር የተባለ የስህተት ደብዳቤ ተጽፎለት ይሸኛል። ምስኪኑ «፫» ኢዝዲጂት ከሚባለው መስኮት «አሃዝ ነው» የሚል ማረጋገጫ አስመትቶ ቢመጣ እንኳ፣ ኢንት ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «አሃዝነትህን አልካድኩም፤ ቁጥር ግን አላደርግህም» ይበለው። ማህተሙ ከኢዝዲሲማል መሆን ነበረበት፤ እዚያ ደግሞ ግዕዝ አይስተናገድም።

የእምቢታው ምክንያት (እውነት ለመናገር ኢንት እዚህ ላይ አልዋሸም)፦ 34 ውስጥ 3 ሠላሳ የምትሆነው አስር ቤት ስለቆመች ነው፤ ፴ ግን ብቻውንም ሠላሳ ነው፤ ፻ ደግሞ ከፊቱ የቆመውን ያባዛል። ዜሮ የሚባል ዘመድም የላቸውም። ቅሬታ ያለው ዩኒኮድዳታ ወደተባለው የጓሮ ቢሮ ይሂድ፤ እዚያ «፼» ያለ ሙግት 10000.0 ተብሎ ይመዘገባል። ቢሮው የሚያየው አንድ አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ማባዛቱንና መደመሩን ባለጉዳዩ በራሱ ኮድ ይጨርሳል።

አንቀጽ ፬። ቫልዩኤረርን በትራይና በኤክሴፕት አፍኖ፣ ባዶውን ጽሑፍ ዜሮ ነው ብሎ ያሳለፈ ፕሮግራመር ወደ ጃቫስክሪፕት ይጋዛል። እዚያ ባዶ ጽሑፍ በሕግ ዜሮ ነው፤ ስሙ «ቁጥር አይደለም» የሆነውም ዓይነቱን ሲጠይቁት «ቁጥር» ብሎ ይመልሳል።