ሐኖስ በቁሓ

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ፥ ፈጣሪ በሁለተኛው ቀን ጠፈርን ዘርግቶ ውሃውን እንደ ከፈለው፥ ከጠፈር በላይ የቀረውም ውሃ ሐኖስ እንደሚባል ይናገራሉ። ይህን ትምህርት በልጅነቴ ሰምቼው ነበር፤ በዓይኔ ለማየት ግን ከመቀሌ በስተ ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቁሓ፥ የባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤቱን እስክከራይ ድረስ አልታደልኩም። ጠፈሩ ኮርኒሴ ነው፤ ሐኖሱም የላይኛው ጎረቤቴ መጸዳጃ ቤት።

የጎረቤቴ ቸርነት የሚታወቀው የአገሩን ችግር ላወቀ ነው። መቀሌ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከከርሰ ምድር፥ ይልቁንም ከአይናለም ጉድጓዶች የሚሳብ ነው፤ ጉድጓዶቹ ለከተማው ሕዝብ አልበቃ ብለው፥ የገረብ ግባ ግድብ ሥራም በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተጓትቶ፥ ምእመኑ ሁሉ ጄሪካኑን ደርድሮ ተራውን በሚጠብቅበት በዚህ ዘመን፥ ሳልለምን፥ ሳልሰለፍ፥ ሳንቲም ሳልከፍል፥ አልጋዬ ድረስ ውሃ የመጣልኝ እኔ ብቻ ነኝ።

የጎረቤቴ ጥበብም ተራ ጥበብ አይደለም። በለንደን ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. ከመጸዳጃው መቀመጫ ሥር ያለውን ቧንቧ እንደ እባብ አጠማዝዞ፥ በጥምዛዙ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታውን እንዲያግድ አድርጎ ነበር፤ ጎረቤቴ ግን የሰውዬው ሥራ ጎደሎ መስሎ ስለ ታያቸው የሕፃን ዳይፐርና አንድ አሮጌ የመወልወያ ጨርቅ ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ ሽታውም ውሃውም እኩል ታግደዋል። ከበስተኋላው ባለው ታንክ ውስጥ ደግሞ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን የምትዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ አለች፤ እርሷ ብትሰንፍ እንኳ ትርፉ በውስጥ በቆመችው ቱቦ ወደ መቀመጫው ይወርዳል እንጂ ወለል አይነካም። እንግዲህ ጎርፍ ይሆን ዘንድ ኳሷም መበላሸት፥ መቀመጫውም መደፈን አለበት፤ ጎረቤቴም ሁለቱን አሟልተው ተገኝተዋል። ከግድግዳው ሥር፥ ወደ ቀኝ ስትዞር ውሃውን የምትዘጋ፥ ከሁለት ጣት በላይ ጉልበት የማትጠይቅ ትንሽ ቫልቭ መኖሯን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሰርግ ሲወርዱ እርሷን መዝጋት ንፉግነት ሆኖ ይታያቸዋል፤ ስንት ሳምንት የተጠበቀ ውሃ በሌሊት ሲመጣ ደጁን ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ይላል?

መጣም። በእኩለ ሌሊት መንደሩ «ማይ መጺኡ!» (ውሃ መጣ!) እያለ ሲነቃ፥ እኔ መልእክቱን ከበላዬ ሰማሁ፤ ጠብ፥ ጠብ። ዋናው የውሃ መዝጊያ በብረት ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉም ከጎረቤቴ ጋር ሰርግ ወርዷል።

በመጀመሪያው ቀን የቡና ስኒ አፍ የሚያህል፥ ጠርዙ የጠቆረ ክብ ከኮርኒሴ ማዕዘን ተገለጠ፤ አይቼም አደነቅኩ። በሁለተኛው ቀን ክቡ ሰፍቶ የአሸንጌን ሐይቅ ቅርጽ ያዘ፤ ኮርኒሱም እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ታች ወረደ፤ ከእርሱ በታች ባለው መደርደሪያ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፥ ድሮውንም ወፍራም የነበረው፥ ውሃ ጠጥቶ ተነፋ። በሦስተኛው ቀን ቡቃያ ሆነ፤ በኖራ ድንጋዩ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ነጭ፥ ቀጥሎም አረንጓዴ ሻጋታ እየወጣ፥ ሳይዘራ የበቀለ፥ ሳይታረስ የሰፋ፥ ዝናብ የማይጠብቅ እርሻ ከራስጌዬ ቆመ፤ ግብርና ቢሮ ቢያየው ባለሙያ ይመድብልኝ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ የመኸሩንም ጊዜ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር። በአራተኛው ቀን ብርሃናት ሆኑ፤ የመብራቱ ብርጭቆ እስከ ግማሹ ቢጫ ውሃ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ውሃ ባዘለ ኮርኒስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ ሰው ይገድላል። በባዶ እግሬ እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ማጥፊያውን ልነካ አንድ ጣት ሲቀረኝ ነው፥ ማጥፋት የሚገባኝ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን እንደ ሆነ ትዝ ያለኝ። ከቤት ስትወጡ ቫልቩን ዝጉ! የተደፈነ መቀመጫ ላይ ውሃ አትጨምሩ!

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። በአምስተኛው ቀን በረሮ ከነወገኑ መጣ። በስድስተኛው ቀን ፍራሼን ጣልኩ፤ ከመጸዳጃ የወረደ ውሃ የጠጣ ጥጥ ታጥቦ አይጠራምና፤ ወለሉንም ጓንት አጥልቄ በሳሙና፥ ቀጥሎም ውሃ በተጨመረበት በረኪና አጠብኩት። በሰባተኛው ቀን ጎረቤቴ ከሥራቸው ሁሉ ዐረፉ እንዳልል፥ ዕረፍታቸው ከአንደኛው ቀን የጀመረ ነው።

በዚያው ቀን ከሰርጉ ቤት ደወሉልኝ። «ወደይ፥ ውሃ መጥቷል አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«መጥቷል አቦይ» አልኳቸው፤ እስከ የት እንደ ደረሰም ልነግራቸው ስል ዘፈኑ ዋጠኝ።

«እንግዲያስ እንዳያመልጠን፤ ደጃፍ ላይ ያሉትን ሁለት ጄሪካን ሙላልኝ!»

አምጥቼ ከሐኖስ ሥር አሰለፍኳቸው። አንደኛው እስኪነጋ ሞልቷል፤ ሁለተኛው ገና ግማሽ ነው።