እስከ ብብት የሚሳበው ፍሬን

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው ተጠይቆ መልስ አያንሰውም። ሞተሯ መቼ እንደወረደ፣ ካምቢዮዋ ከየት እንደተገዛ፣ ጎማዋ ስንት ብር እንደፈጀ ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ ይዘረግፍላችኋል። የእጅ ፍሬኗን ጠይቁትና ግን ፈገግ ይላል። «እሱን ደግሞ ማን ይጠቀምበታል?»

እውነቱን ነው፣ እሱ አይጠቀምበትም። የሚኖርበት ከተማ ግን አዲስ አበባ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ እንጦጦ አናት የወጣ ሰው ከፍታው በ800 ሜትር ያህል ይጨምራል። ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው አቀበት ላይ በየቀኑ ስንት መኪና ይቆማል? በምን ኃይል እንደቆመ ባለቤቱን ብትጠይቁት «እስካሁን ሄዳ አታውቅም» ይላችኋል።

ሲጠቀምበትም እንዴት እንደሚጠቀም ማየት ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች መሳቢያው ከ4 እስከ 8 ጊዜ ቀጭ ሲል መኪናዋ መያዝ አለባት። የኛ ሰው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ይስበዋል። ጥርሱ ያልቃል፣ መሳቢያው ብብቱ ሥር ይደርሳል፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትሄዳለች። እሱ አይደነግጥም። «ጠባይዋ ነው፤ ሁለቴ ሳብ ለቀቅ አድርገህ በሦስተኛው ትይዛለች» ይላል። የራሷ ጠባይ ያላት መኪና ባለቤት መሆን እንደ መዓርግ ይቆጠራል መሰለኝ። ደላላው እንኳ ይህን ጠባይ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ መኪና ሲያሳይ ሜዳ እንጂ ዳገት ላይ አቁሞ አያሳይም።

ደካማ የእጅ ፍሬን አንድ ጥቅም እንዳለው መካድ አይቻልም፤ ሳይለቁት ቢነዱም አይከብድም። ሰውየው ስቦት ረስቶት ከመገናኛ ጀሞ ይደርሳል፤ መኪናዋም አታጉረመርምም። በመንገዱ ሁሉ የኋላ ፍሬን ሸራው ሲፋቅ ውሎ በማግሥቱ የእጅ ፍሬኑ ይበልጥ ደክሞ ይገኛል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚወቀሰው ዕቃው ነው። «ኦሪጅናል ጠፋ!»

የእጅ ፍሬን ምትክ ግን አይጠፋም። የመጀመሪያው ምትክ ሰው ነው። «አንዴ ፍሬኑን ረግጠሽ ያዥልኝ፣ መጣሁ» የተባለች ሚስት ባሏ ዳቦ ገዝቶ፣ ጎረቤት ሰላም ብሎ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ እስኪመለስ እግሯ ይደነዝዛል። ሁለተኛው ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ዝም ብሎ የተነሣ ድንጋይ አይደለም፤ ተመርጦ፣ ልኩ ታይቶ፣ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ቦታ የተሰጠው ታኮ ነው። ሚኒባስ ላይ ከሆነ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ይወሽቅለታል። ከረዳቱ ሥራ ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ የሚፈጸመው ይህ ብቻ ነው፤ ድንጋይ መልስ አይጠይቅም።

ችግሩ ሲነሡ ነው። ታኮው እንዲይዝ ሁሉም ያስባል፣ እንዲነሣ ግን ማንም አያስብም። ዋና መንገድ ላይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ያደረበትን ቦታ ለማወቅ መኪናውን ማየት አያስፈልግም፤ መኪናው ከሄደ በኋላ አስፋልቱ መሐል የቀሩትን ድንጋዮች ማየት ይበቃል። ባለመኪናው እሱ እንዳይንሸራተት ያስቀመጠውን፣ በጨለማ የሚመጣው ሌላ ሰው በጎማው ያገኘዋል።

ወደ ጋራዥ እንሂድ። የእጅ ፍሬን ከእግር ፍሬኑ ዘይት ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚሠራው በገመድ ነው። ዘይቱ ቢፈስ እንኳ እሱ እንዲቀር ተብሎ ለብቻው ተሠርቷል። መሳቢያው ገመዱን ይስባል፣ ገመዱ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፣ እዚያ ታምቡር ውስጥ ያሉትን ሸራዎች ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። መሳቢያው ሲረዝም እንግዲህ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፤ ወይ ሸራው ተበልቷል፣ ወይ ገመዱ ረግቧል። ደህና መካኒክ ከሸራው ይጀምራል። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስይዞ (እዚህ ድንጋይ ክብር አለው) የኋላውን በክሪክ ያነሣል፣ መሳቢያውን ያወርዳል፣ ታምቡር ውስጥ ያለችውን ጥርሳም ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ ያዞራታል፣ ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ጥቂት ይመልሳታል። ገመዱ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ካስፈለገ።

ንግግሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ታምቡሩን ከፍቼ ሸራውን ልየው?»

«ስንት ትለኛለህ?»

ልጁ ዋጋ ይናገራል።

«ተወው፣ ተወው የኔ ልጅ። ገመዷን ብቻ ጠበቅ አድርጋት።»

ብዙ አሮጌ ኮሮላዎች ላይ ማጥበቂያዋ እዚያው መሳቢያው ሥር ናት፤ ክዳኑን ማንሣት፣ ቁልፍ ማስገባት፣ ጥቂት ማዞር ነው። ላዳ ያላቸው ሰዎች መኪናዋ ሥር መግባት ስላለባቸው ቢያንስ ሱሪያቸው እስኪታጠብ ያስባሉ። ኮሮላው ግን ባለቤቱን ያሳስታል። መሳቢያው ሁለቴ ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ ጋሼ ደስ ብሏቸው ይነሣሉ። ሸራው ግን ከታምቡሩ ሳይላቀቅ መንገድ ወጥቷል። ገመዱ ተወጥሮ ስላስቀረው በራሱ የሚስተካከለውም ዓይነት ከእንግዲህ አይስተካከልም። ቸርኬው ይግላል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሽታ ይመጣል። ጋሼ ሽታው የፊተኛው መኪና ነው ብለው መስኮታቸውን ይዘጋሉ።

የቦሎ ሰሞን ደግሞ ሌላ ነው። ለምርመራው እሳት ማጥፊያው ከጎረቤት፣ ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከአማች ይመጣል። የእጅ ፍሬን መዋስ ስለማይቻል ለአንድ ቀን ይጠበቃል። ምርመራው ባለፈ ማግሥት «ነዳጅ በላችብኝ» ተብሎ ይላላል። በወረቀት ዓመቱን ሙሉ የእጅ ፍሬን ያላት መኪና በተግባር ያላት ለአንድ ቀን ነው፤ ያቺን ቀንም የምትቆመው ሜዳ ላይ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ነገርም አለ። ሁልጊዜ ስለምትበራ ዓይን ታደክማለች ተብላ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባታል። በብዙ መኪኖች ያቺው መብራት የፍሬን ዘይት ሲጎድልም የምትበራ ናት፤ ሸራ ሲያልቅ ደግሞ ዘይቱ ዝቅ ይላል። ምስኪኗ አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ስትናገር ከርማ አፏን ተለጎመች።

ይህን ሁሉ ያልኩት ታምቡሩ ይከፈት፣ ሸራው ይታይ ለማለት ነው። እስኪታይ ድረስ ግን፣ ዳገት ላይ ስታቆሙ አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሻ ዴትሮ አስገቡ፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማውንም ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሩት። ከናንተ በታች የቆመው መኪና የኔ ሊሆን ይችላል።