አዲስ መኪና ገዛን፤ መላሽ ግን አጣን

አዲስ አበባ ውስጥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የኤሌክትሪክ የቤተሰብ መኪና የገዛን ሰዎች በተገናኘንበት ቦታ ሁሉ ወሬያችን አንድ ሆኗል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ሆነ ልጆች እስኪወጡ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ወረፋ ላይም እንኳ። አንዱ «ያንተ በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ይመልሳል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እያንዳንዱ የሆዱን ብሶት ይዘረግፋል። የሚገርመው ብሶቱ መመሳሰሉ ነው። የመኪናው ስም ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው።

መኪናውን ጠልተን አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ገና አፋችንን ስንከፍት «ታዲያ ለምን ገዛችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መኪናው ጥሩ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ሽሮ ሜዳን ሽቅብ ሲወጣ አያቃስትም። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር አየር ይሳሳበታል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አይሰማውም። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማቃጠል ቀርቶልናል። ከኋላ ሦስት ልጆች ተደርድረው ቦታ ይተርፋል። እሮሯችን መኪናውን ሸጦልን ዞር ያለው ሰው ላይ፣ ዞር ሲልም ዝም ያለው አሠራር ላይ ነው።

ደግሞስ ምርጫ ነበረን ወይ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ የጫነው ግብር ቪትዝና ኮሮላን እንኳ ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ አርቋቸዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱን እንደከበዳት ሁላችንም ስለምናውቅ ሐሳቡን የተቃወምን ጥቂቶች ነን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር የመኪና ዋጋም ዘለለ። ዕቁብ ጥለን፣ ከባንክ ተበድረን፣ ከውጭ ዘመድ ለምነን ገዛን። በሩ አንድ ነበር፤ በዚያ ገባን።

ከገባን በኋላ መጀመሪያ የገጠመን ቻይንኛ ነው። ስክሪኑ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የምትናገረው ሴትዮ ድምፅ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። ካርታው የቻይና ካርታ ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው የመኪናው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ካልሰጡት አይከፈትም፤ ስለዚህ ስንገዛ በየማስታወቂያው ያየነውን ከቤት ሆኖ መኪና መቆለፍ፣ ቻርጁ ስንት እንደደረሰ ማየት፣ ሳይገቡ ማቀዝቀዝ የሚባለውን ሁሉ አንዴም አልተጠቀምንበትም። ይሄኛውስ ቅንጦት ነው፤ ይቅር። የማይቀረው ማስጠንቀቂያው ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀለበት መንገድ ላይ ስትነዳ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ብቅ አለባት። ማንበብ አልቻለችም። መኪናው ስለሚሄድ ነዳችው። ጎማው ነፋስ እየቀነሰ መሆኑን ነበር የሚነግራት፤ ቤቷ ስትደርስ ጎማው ተበላሽቶ ነበር። በኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ይዛ ነበር። ሌላው ሰው ደግሞ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ስልኩን ስክሪኑ ላይ ደቅኖ ያስተረጉማል። ይህን አላየሁም የሚል ባለመኪና ካለ እሱ ዕድለኛ ነው።

ቋንቋ የሚቀይሩ ልጆች ከተማው ውስጥ በርክተዋል። ጎበዞች ናቸው፤ ያለ እነሱ ብዙዎቻችን ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። ግን የሚሠሩት ፋብሪካው ሳይፈቅድ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆንና የኋላ ካሜራው ይጠፋል፤ ካሜራው ሲመለስ ሬዲዮው እምቢ ይላል። ሲበላሽ ወደ ሻጩ ብትሄድ «ማን ንካው አለህ?» ይልሃል። ሳይነካስ ማን ያናግረኛል? ይህ ሥራ መኪናው ጂቡቲ ሳይደርስ ሊያልቅ የሚገባው ነው። አስመጪው በጅምላ ሲገዛ ሊጠይቀው የሚችለውን እኛ አንድ በአንድ ከኪሳችን እንከፍላለን።

ሁሉን ነገር ስክሪን ውስጥ መቅበርም ሌላ ጣጣ ነው። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ «ልጄ፣ መስኮቱን ትንሽ» ስትለኝ በቮልስዋገን አይዲ 4ና አይዲ 6 ዓይነት መኪኖች የሹፌሩ በር ላይ ያለው የሁለት መስኮት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ለኋላዎቹ መጀመሪያ ሌላ ምልክት መንካት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣውን ለመቀነስ ዓይን ከመንገድ ይነሳል። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2025 ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለነፋስና ለአደጋ መብራት በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ እንደሚመለስ ተናግረዋል። ወደፊት ለሚሠሩት ነው። የእኛ እንዳለ ነው።

ስለ ርቀቱ ደግሞ ሁላችንም የምናማርርበት አንድ ቁጥር አለ። ሻጩ «600 ኪሎ ሜትር» ብሎናል። ዋሽቶ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ግን ያ ቁጥር የተገኘው በቻይናው የሙከራ ስሌት፣ በላቦራቶሪ ውስጥ፣ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት ነው። የአውሮፓው ሙከራ አማካይ ፍጥነት ወደ 46 ይጠጋል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓይነት መኪና የሚሰጠው ቁጥር ዝቅ ይላል። ይህን ሲሸጡልን አንድ ሰው ቢነግረን ምን ነበረበት? ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስንወርድ ባትሪው እምብዛም አይቀንስም፤ ደስ ይለናል። ስንመለስ ይጨንቀናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አለ። ቤተሰብና ጓዝ የጫነ ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ነው። በዚያ ላይ በ100 ሲነዱ ያለው የነፋስ ግፊት አለ። መንገድ ላይ እንቀራለን ብለን ማቀዝቀዣ አጥፍተን፣ ልጆች በላብ ተነክረው የገባንበት ቀን አለ። ዓባይ በረሃን ወርዶ ከ1,000 ሜትር በላይ መልሶ መውጣቱን ለሚያስብ ደግሞ፣ ለበዓል አገር ቤት መሄድ የሚሉት ነገር ከነቤተሰብ የሚሞከር አልሆነም። ከአዲስ አበባ ውጭ ፈጣን ቻርጀር ጥቂት ነው፤ ተገኘ ሲባል እንኳ መብራት መኖሩን ደውሎ የሚያረጋግጥ ወዳጅ ያስፈልጋል።

የቤቱ ቻርጅ ከሁሉም ይብሳል። የራሱ ግቢ ያለው ሰው ቢያንስ ከማን ጋር እንደሚጨቃጨቅ ያውቃል። ተራ ሶኬት የሚሰጠው 2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ከሆነ ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይወስዳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 7 ኪሎዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ግን የቤቱ መስመር ካልቻለ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪና አይሰካም፤ ከተሰካም ብሬከሩ ይወርድና ሊጡ ምጣድ ላይ ይቀራል። ባልና ሚስት በዚህ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሦስት ፌዝ መስመር ለማስገባት ማመልከቻ አስገብቶ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ሌሊት የተሰካ መኪና መብራት ጠፍቶ አድሮ ጠዋት እንደነበረ ሲገኝ፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው በር ላይ ሲቆሙ፣ ያን ጊዜ ማንን ትወቅሳለህ?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖረው ወገናችን ግን የሚያሳዝን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ በረንዳ እስከ ግቢው ድረስ ኤክስቴንሽን ያወርዳል። ዝናብ ይመታዋል፣ ልጆች ይረግጡታል፣ መኪና ይሄድበታል። ኮሚቴው ይከለክላል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ገመድ አደጋ ነውና ኮሚቴውን አልኮንንም። ግን ከልክሎ ማለፍ መፍትሔ አይደለም። ባለመኪናው የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር ግቢው ጥግ ላይ ይሠራልኝ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ ሲል የሚያስተናግደው የለም። ከኮሚቴ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መብራት ኃይል ይመላለሳል። የታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ድረስ ደርሷል። ከአጥሩ እስከ መኪናው ያለው ሃያ ሜትር ነው ያቃተን።

ስለ ትንሿ ባትሪ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ብዙ ሰው በማያውቀው ነገር ስለሚደነግጥ። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ 90 ፐርሰንት ቢሆንም መኪናው ሬሳ ነው። ለገና ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የተመለሰ ጎረቤታችን መኪናው አልከፈት ብሎት ሁለት ቀን ቆመበት። የጠራው ባለሙያ ዋናው ባትሪ ተቃጥሏል አለው፤ ሰውዬው ሊታመም ነበር። በመጨረሻ ትንሿ ባትሪ ተቀየረችና ተነሣ። ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ከቁልፉ ጋር ቢሰጠው ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ አይደርስበትም ነበር።

መንገዱ የታወቀ ነው፤ ብዙ አልልም። አብዛኞቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ የጎማ መንፊያና ማጣበቂያ ብቻ ነው ያላቸው። ጎማው ሲቀደድ ጎሚስታው ያንን ልክ የለኝም ይላል። ቸርኬው ሰፊ፣ ጎማው ቀጭን ስለሆነ አንድ ጉድጓድ ሁለቱንም ይወስዳል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ብዙዎቹ ከመሬት ያላቸው ከፍታ 20 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ የሰፈሩ ነዋሪ ራሱ ባበጀው ጉብታ ላይ ቤተሰብ ጭነን ስናልፍ ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ጉዳት ሲደርስ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ሥር ይወጣል። አንድ ሚኒባስ ከኋላ ትንሽ ነክቶኝ ፓራውልቱና መብራቱ ተሰበረ። ጋራዡ ዕቃ አምጣ አለኝ። ሻጩ እኛ መኪና እንጂ ዕቃ አናስመጣም አለኝ። ኢንሹራንሱ ዋጋ ማቅረቢያ ይዘህ ና አለኝ፤ የሌለ ዕቃ ዋጋ ከየት ይመጣል? በመጨረሻ ከቻይና በሚመላለስ ነጋዴ በኩል ተገኘ፤ እስኪመጣ መኪናው ቆመ፣ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አልቆመም። ብዙዎቹ መኪኖች ፋብሪካው ራሱ ወኪል ሾሞ የላካቸው አይደሉም፤ ነጋዴ ቻይና ገበያ ገዝቶ ያመጣቸው ናቸው። አይዲ 6 ከመጀመሪያውም ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው። የፋብሪካው ዋስትና እዚያው ይቀራል። «የስምንት ዓመት የባትሪ ዋስትና አለው» ብሎ የሸጠልን ሰው ዋስትናውን የት ሄደን እንደምንጠይቅ አልነገረንም፤ ብንጠይቀውም አያውቅም።

የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። መኪና በቀረጥ እንዲገባ ሲፈቀድ አስመጪው ቋንቋውን ቀይሮ፣ መመሪያውን በአማርኛ አስተርጉሞ፣ መብራትና ፓራውልት የመሳሰለውን ቶሎ የሚሰበር ዕቃ በመጋዘን ይዞ፣ ዋስትናውን በራሱ ስም ፈርሞ እንዲያስረክብ ሕግ ያስገድደው። ለነዳጅ መኪና በሩን የዘጋ መንግሥት ለኤሌክትሪኩ ገዢ ጠበቃ መሆን አለበት። መብራት ኃይል ለኮንዶሚኒየም ግቢዎች አንድ ወጥ አሠራር ያውጣ፤ ኮሚቴዎችም ገመዱን ሲከለክሉ አብረው ይጠይቁልን።

እናንተም ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ቀለሙንና የመስታወት ጣራውን አይታችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አስቀምጣችሁ ጠይቁት፦ ቋንቋውን ማን ይቀይራል? የፊት መብራቱ ቢሰበር በስንት ቀን ትተካልኛለህ? ዋስትናው ላይ የማን ማኅተም አለ? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።