አደራ፣ ፕሮፌሰር!

ኦገስት መጨረሻ ላይ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባ ሐበሻ ከሩቅ ይታወቃል። ፈረንጁ ልጁን አንድ ሻንጣና አንድ ትራስ አሸክሞ፣ ግንባሯን ሳም አድርጎ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ወደ መኪናው ይመለሳል። እኛ ግን ልጅ አናደርስም፤ ቤት እንቀይራለን። እኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው በሁለት መኪና ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በዚያ ላይ አክስቷ «ለብርዱ» ብላ የላከችው ጋቢ። ልጄ «እማዬ፣ እዚያ እኮ ካፍቴሪያ አለ» ብትለኝ፣ «እሱም ይኑር፤ ይሄ መጠባበቂያ ነው» አልኳት። መርካቶ የሚገባ አይሱዙ እንኳ እንደዚያ አይጫንም።

ዶርሙ በር ላይ ቁምጣ የለበሰ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰውዬ «ላግዛችሁ» ብሎ የበርበሬውን ካርቶን ብድግ አደረገ። ባለቤቴ በጆሮዬ «ለዚህ ስንት ነው ቲፕ የሚሰጠው?» አለኝ። አምስት ዶላር አጣጥፎ በመዳፉ ደብቆ ሊጨብጠው ሲጠጋ፣ ሰውዬው «የታሪክ ፕሮፌሰር ነኝ፤ ከነቤተሰቤ የምኖረው እዚሁ ዶርም ውስጥ፣ ከታች ነው» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ሰውዬው» ቀርቶ «እሳቸው» ሆኑ። ባለቤቴ ስድስት ኪሎ ሲማር መምህር በኮሪደር ሲመጣ ካየ ግድግዳ ታክኮ የሚያልፍ ሰው ነበር። ሸሚዙን ቆለፈ፣ እጅ ነሳ፣ ካርቶኑንም ከእጃቸው ነጠቀ። ፕሮፌሰሩ እስከ ዛሬ ደህና ናቸው፤ የእኛ ሰውዬ ወገብ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

እኔ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። «ፕሮክተር ናቸዋ!» አልኩ። አገር ቤት ግቢ የገባ ሁሉ ፕሮክተርን ያውቃል፤ ዶርም ደልዳይ፣ ፍራሽ አስረካቢ፣ የቁልፍ ባለሥልጣን። «በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አይዘጋም አሉኝ። «ማታስ ማን ይቆጥራቸዋል?» ማንም። ቁልፍ ለጠፋበት የሚደርሰው፣ የሚረብሸውን የሚመዘግበው «አርኤ» የሚሉት ነው፤ እሱም ራሱ ተማሪ። «ታዲያ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ ፈገግ ብለው «እዚህ መኖር» አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ሥራ መኖሩን ባውቅ እኔም ሳመለክት አላድርም ነበር።

ስንሰናበት ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። «አደራ! ልጄ የእርስዎም ልጅ ናት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አልኳቸው፣ እንባዬ ቅርር ብሎ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ «ተርጉሚላቸው» አልኳት። እሷም ቀልጠፍ ብላ አንድ አጭር ነገር ተናገረች፤ እሳቸውም እየሳቁ እጃቸውን አውለበለቡ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ታናሽ ወንድሟን «ምን አለቻቸው?» ብለው፣ «መልካም ቀን» አለኝ።

ለነገሩ ይህ ከተማሪ ጋር የሚኖር መምህር የሚባል ነገር የመጣው ከእንግሊዞቹ፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በትልቁ የገባው ደግሞ አንድ ሀብታም ትዕግሥት ስላለቀበት ነው። ኤድዋርድ ሃርክነስ ይባላል፤ የስታንዳርድ ኦይል ገንዘብ ወራሽ፣ የዬል ምሩቅ። ለተማረበት ለዬል «መምህርና ተማሪ አብሮ የሚኖርበት ቤት ልሥራላችሁ» ቢላቸው ነገሩን አጓተቱበት። ሰውዬው ሲሰለቸው እ.ኤ.አ. በ1928 ገንዘቡን ይዞ ወደ ተቀናቃኛቸው ወደ ሃርቫርድ ሄደ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎውል ሁለቴ አላሰበም፤ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ1930 ተከፈቱ። ዬሎች ኋላ ነቅተው እነሱም ተቀበሉና የራሳቸውን በ1933 ከፈቱ። እቁብ ደርሷት «እስቲ ላስብበት» ያለችውን ጎረቤቴን አስታወሱኝ።

የእነዚህ ቤቶች ኃላፊ መምህራን በሃርቫርድም በዬልም ለዘመናት «ማስተር» ነበር የሚባሉት፤ ጌታ እንደማለት። ቃሉ የባሪያ ፍንገላን ዘመን ያስታውሳል የሚል ክርክር ተነሥቶ በ2016 ሁለቱም ስሙን ቀየሩት። ይህን ለባለቤቴ ሳወራለት ሳቀ። እኛ ከሀሁ ጀምሮ «የኔታ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሲፈታ «የኔ ጌታ» ነው። ደግሞም የኔታ ከተማሪ ጋር መኖርን ከኦክስፎርድ አልተማሩም። የአብነት ተማሪ ጎጆውን በመምህሩ ዙሪያ ቀልሶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የሚማረው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እዚያ ተማሪው ከውሻ ይሸሻል፤ እዚህ መምህሩ ጋ የሚመጣው ለውሻው ነው።

አልቀለድኩም። ልጄ እንደነገረችኝ ፕሮፌሰሩ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ያለ ኪራይ ነው። በምላሹ ተማሪ ይጋብዛሉ፣ ካፍቴሪያ አብረው ይበላሉ፣ ወግ ያወጋሉ። በመጀመሪያው ወር «ስለ ሮም አወዳደቅ እንወያይ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ የራሳቸው ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ወር «ኩኪስ አለ፤ ውሻውም አለ» ብለው ለጠፉ። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ሄደ። እሳቸውም ብልጥ ናቸው፤ ከኩኪሱ ጋር ሮምን ጠቀስ ሊያደርጉ ሞከሩ። ልጆቹ አፋቸውን ሞልተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ልጄን «ታዲያ ስለ ሮም ምን ተማርሽ?» ብላት፣ «የውሻው ስም ቄሳር መሆኑን» አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ ብሆን ማኅበር የማልቀረው ለጸሎቱ ነው?

ወር እንዳለፈ አላስችል አለኝና ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ትበላለች ወይ? ስንት ሰዓት ትተኛለች? ከማን ጋር ትውላለች? የሂሳብ ውጤቷስ? መልሱ በሁለት መስመር መጣ፤ ደህና ትመስለኛለች፣ ሌላውን እሷን ቢጠይቋት ይሻላል የሚል። ልጄም ስትሰማ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ ጠቀሰችልኝ፤ ኮሌጅ የገባ ተማሪ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ለእናት የማሳየት ግዴታ የለበትም። እሺ፣ ውጤቱ የእሷ ይሁን። የክፍያ ቢሉስ? እሱ ላይ ስሜ በጉልህ ሲጻፍ የእኔን ምስጢር የጠበቀልኝ የለም።

ኦክቶበር ላይ ቤተሰብ የሚጠየቅበት ቅዳሜና እሑድ መጣ። እኔም በኤሌክትሪክ የምትፈላ ጀበናዬን ይዤ ሄድኩ። ቡናው ፈላ፣ የልጄ ጓደኞች ከበቡኝ፣ ልቤ ሞቀ። «ቡና ያለ ዕጣን ምን ይሆናል?» ብዬ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ። የጣሪያው ደወል ሲጮህ መጀመሪያ እልልታ መሰለኝ። ሦስት መቶ ተማሪ በነጠላ ጫማ ወደ ሜዳው ወረደ። ፕሮፌሰሩ ፀጉራቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ፎጣ አገልድመው፣ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን በሌላው ቄሳርን ይዘው ወጡ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። «ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም አብሬ ዞር ዞር እያልኩ ጥፋተኛውን ፈለግሁ። ከቀሚሴ የሚወጣው የዕጣን ሽታ ግን ዝም ብሎ ወደ እኔ ይጠቁም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ልጄ እሑድ ማታ ስልክ አላነሳ አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እሑድ። እናት መቼም ስልክ ካልተነሳላት ቀብር ድረስ ነው የምታስበው። በአራተኛው አነሳች። «የት ነበርሽ?» «ፕሮፌሰሩ ጋ።» ባለቤታቸው ለምርምር ርቀው ሄደዋል፤ ልጆቹን ደግሞ ጉንፋን ጥሏቸዋል። የእኔዋ ልጅና የዶርም ጓደኞቿ በተራ ቄሳርን ያንሸራሽራሉ፣ ልጆቹን ይጠብቃሉ። እራትም ይሠራሉ፤ ያውም ከዚያ ከ«መጠባበቂያው» ሽሮ። ፕሮፌሰሩ እንባቸው እስኪወርድ ነው አሉ የበሉት። ጠባቂ አገኘሁ ብዬ ልጄን አደራ ብሰጣቸው፣ እሳቸው እሷን ሳይሆን እሷ እሳቸውን ተረክባ ተገኘች።

«እማዬ፣» አለችኝ፣ «ያን ቀን የበላሁብሽን አደራ ዛሬ ተረጎምኩላቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ።»

ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘኝ። «እሺ፣ ምን አሉ?»

«ትንሽ አሰቡና ‹አደራ፣ በርበሬው አልቋል በያት› አሉኝ።»

በርበሬው ተዘጋጅቷል፤ በዚያው ካርቶን ነው። ማን እንደሚሸከመው ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም።