የጫኖ ሙዝ የመውጫ ፈተና የለበትም

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጫኖ ሙዙን ጥሬውን ቆርጦ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይሰዳል። እዚያ ይበስላል፤ ወዲያው ገዢ ያገኛል። የሰፈሩ ልጅ ግን በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ በተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ይማራል። ፋይናል ሲደርስ ሲቸክል ያድራል፤ ሃንድአውቱን ከነገጽ ቁጥሩ ይሸመድዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። አመጣ እንበል። ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም የሚያነበው «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚል ነው። ሙዙን ልምድ የጠየቀው የለም። አባባ፣ ልጅዎን ይመርቁት፤ ማሳውን ግን አይሽጡበት።