አቀንጭራ በ10 ሰከንድ

ጥያቄውን በደንብ ሰምቼዋለሁ። መልሱንም አውቀዋለሁ። እንዲያውም ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥነው ሁሉ እኔን ያህል የሚያውቀው ሰው የነበረ አይመስለኝም። እያወቅሁት አመለጠኝ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም የምሠራውም ራያ ቆቦ ውስጥ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስሞክር የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት አምጣ ተባልሁ። ከቆቦ ተነሥቶ በወልዲያ፣ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን ሁሉ የጆሮ ማዳመጫዬን ሳላወልቅ ቃላት ሳጠና ሄድሁ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው አይኤልትስን ነው። እዚያ የንግግር ፈታኙ ሰው ነው፤ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ያነጋግርሃል፣ ስለ አገርህና ስለ ሥራህ ጠይቆ ይጀምራል፣ ካልሰማኸውም ይድገሙልኝ ትለዋለህ። እኔ የተመዘገብሁት ግን በኮምፒውተር ለሚሰጠው ለፒቲኢ ነበር። ከክፍሎቹ አንዱ አጭር ጥያቄ መመለስ ነው። ጥያቄው በጆሮህ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል፣ አይደገምም። ከዚያ በ10 ሰከንድ ውስጥ በአንድ ወይም በጥቂት ቃላት መመለስ ነው። ዝም ካልህማ 10ሩም አይጠበቅልህም፤ ለ3 ሰከንድ ያህል ድምፅ ካላሰማህ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። ልጅ የሚመልሳቸው ናቸው።

ጥያቄውን ላለማውጣት ተስማምቼ ስለገባሁ ቃል በቃል አልደግመውም። ነገሩ ግን ሌላ ተክል ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ተክል ነበር። ይህን እንደ ሰማሁ ክፍሉ ጠፋኝ። የታየኝ የእናቴ ማሽላ ነው፤ ሆርማት በኩል ያለው ማሳ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ። ደገሌት የሚባለው ማሽላችን ገና ሳያሽት ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ደግሞ የአረሙ ሐምራዊ አበባ ፈክቶ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ በቀሚሷ ጫፍ እየያዘች ስትነቅለው።

ሳየው የኖርሁት ጠላት ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ሥሩን ነክሶ መምጠጥ ስለሚጀምር፣ አበባውን አይተህ ስትነቅል ጉዳቱ ያለቀ ነው። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የደከሙት ይህን አረም ለሚቋቋም ማሽላ ነው። ጎብዬ የሚባል ዝርያ አለ፣ ሆርማት የሚባልም አለ፤ ሁለቱም ስማቸው የኛው ሰፈር ነው። ይህን ሁሉ ለገበሬ ሳስረዳ ውዬ አድራለሁ።

አፌን ከፈትሁ። «አቀንጭራ» አልሁ፤ ጥርት አድርጌ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። የወጣው ቃል አማርኛ መሆኑን ጆሮዬ ሲነግረኝ «ፓራ…» ብዬ ጀመርሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ግን ሞልታ ነበር። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱን ሳብሰለስል ቀጣዮቹን ሁለት ጥያቄዎች ከነጭራሹ አልሰማኋቸውም። ውጤቱ ሲመጣ ማንበቡም ማዳመጡም በቂ ነው፤ ንግግሩ ከተጠየቀው በታች ሆነ።

የፈተናው ዕለት ማታ እናቴ ደውላ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ጠየቁህ?»

«ስለ አቀንጭራ፣ እማ።»

«ታዲያ ምን አልሃቸው?»

«አቀንጭራ አልኋቸው።»

«ታዲያ ልክ ነው'ኮ!»

ልክ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

ፈተናውን አልወቅስም። ውጭ አገር ክፍል ውስጥ ለአንተ ብሎ ቆሞ የሚጠብቅህ መምህር የለም፤ ቶሎ ሰምቶ ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል። እኔን የከነከነኝ ቃሉ እንዴት እጄና ዓይኔ ላይ ኖሮ አፌ ላይ እንደ ጠፋ ነው። የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የምንማረው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ከሚመጣ ቴሌቪዥን ነበር። መምህሯ ጥያቄ ትጠይቅና ደቂቃ ትሰጣለች። ክፍሉ በልጅ ተጨናንቆ ማንም ትንፍሽ አይልም። ደቂቃው ሲያልቅ «በጣም ጥሩ» ብላን ታልፋለች። ብንመልስም ባንመልስም በጣም ጥሩ ነን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሷም የለችም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ከአራቱ አንዱን መርጦ በእርሳስ ማጥቆር ነበር። ፓራሳይት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አጥቁሬዋለሁ! በአፌ ብዬው ግን አላውቅም።

አሁን ከማሳ ወደ ከተማ ስመለስ፣ በዞብል ተራራ አንጻር ባለው መንገድ ላይ፣ ራሴን ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። የማገኛቸው አንድ አባት መጀመሪያ ቀን «ደኅና ነህ ወይ ልጄ?» ብለው ደንግጠው አስቆሙኝ። ነገሩን ስነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው «በል ጠይቀኝ፣ እኔም ልሞክረው» አሉ። በሬን፣ ዝናብን፣ ማሽላን በእንግሊዝኛ ተባብለን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታው እንዳለቀ «ማሽላ» ይሉኛል፤ «ሶርገም» እላቸዋለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተመዝግቤአለሁ።

ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬ የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ክፍል ስትገቡ ከኋላ ወንበር አንዱን ልጅ አስነሡና የሚያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ጠይቁት፤ አፉን ከፍቶ እስኪመልስላችሁም ጠብቁት።